«አልፈልገውም» የሚለው ሳጥን

ለእህቴ ለአቭሪል፣

እንዴት ሰነበትሽ እህቴ? ልብስ ስታሰጪ የሚነዘንዝሽ ትከሻሽ ተሻለሽ ወይ? ክላይቭስ እንዴት ነው? ኪኒኑን ይውጣል ወይስ አሁንም ከምላሱ ሥር ደብቆ ይቆይና አበባ ማሰሮው ውስጥ ይተፋዋል? ልጅሽ ታምሲንና ልጆቿስ ጤና ናቸው? ውሻችሁ ከፖስተኛው ጋር ታረቀ? የኔ ነገር እንደምታውቂው ነው። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል፣ ዝናቡ ከኦክቶበር ወዲህ አላባራም፣ ወንዙም እንደ ልማዱ ወተት የበዛበት ሻይ መስሎ ይፈስሳል። ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ማለቴን ግን ለጊዜው አትመኚው፤ ይህ ደብዳቤ ስለዚሁ ስለ ደኅና ነኝ ማለት ነውና እስከ መጨረሻው አንብቢውና ያኔ ፍረጂኝ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ስድስት ሳምንት ሆነው። ኮቴን ሳላወልቅ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። «በሴፕቴምበር ሰባ ዓመት ይሞላኛል፤ ነይልኝ። ትኬቱን እኔና ክላይቭ እንቆርጣለን። ስጠይቅሽ ይህ አራተኛዬ ነው። ልታዪኝ የማትፈልጊ ከሆነ ግን እንደ እህት ፊት ለፊት ንገሪኝ፤ ሁለተኛ አልነዘንዝሽም» ብለሻል። መጨረሻው ላይ ብዕርሽ ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረውም። አውቅሻለሁ፤ ብዕር እንደዚያ የምትጫኚው ስትናደጂ ሳይሆን ሲከፋሽ ነው። መጀመሪያ ስትጠሪኝ ሙቀት አልወድም አልኩሽ። ቀጥሎ አውሮፕላን እፈራለሁ አልኩሽ። ሦስተኛው ላይ ምን እንዳልኩ እኔም ረስቼዋለሁ፤ ስለ ዝንብ ያወራሁ ይመስለኛል። ስልክ ደውለሽ ቢሆን ኖሮ ድምፄን አሳምሬ አራተኛ ምክንያት አላጣልሽም ነበር። ወረቀት ላይ መዋሸት ግን ይደክመኛል። አሁን አሁን ብዙ ነገር ይደክመኛል።

መልሱን ልሰጥሽ ነው የተቀመጥኩት፤ ግን ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ነው የምደርስበት፤ ታገሺኝ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። የዓሣው ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው በር ሳንኳኳ ነው የኖርኩት። ለንደን ያለው የጥናት ድርጅታችን ማን ደላው፣ ማን ቸገረው፣ በሀብታሙና በድሃው መካከል ያለው ገደል ሰፋ ወይስ ጠበበ የሚለውን በመላ አገሪቱ ያጠናል። እኔ ደግሞ ቦርሳዬን አንግቼ፣ ፎቶዬ ያለበትን መታወቂያ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ዕጣ የወጣባቸውን ቤቶች እየዞርኩ እጠይቃለሁ። ከሦስት በር የሚከፈትልኝ አንዱ ነው። ሃይማኖት ልሰብክ የመጣሁ መስሏቸው መብራት አጥፍተው ትንፋሻቸውን የሚውጡ አሉ። በቀደም አንድ ጎልማሳ በሩን ገርበብ አድርጎ ጥያቄዎቹን ተራ በተራ ካዳመጠኝ በኋላ፣ «እናንተ እኮ አያቴንም ጠይቃችኋል፣ አባቴንም ጠይቃችኋል። ሰው ጨረቃ ላይ ወጥቶ ተመለሰ፤ እናንተ ገና የኛን ጫማ ትቆጥራላችሁ! ስንት እንዳለን ካወቃችሁ በኋላ ምን ልታደርጉ ነው? ልትወስዱት ነው?» አለኝ። ስቄ አመሰገንኩትና ሄድኩ። ደረጃውን ስወርድ ግን ቦርሳው ከበደኝ።

ጥያቄው ረጅም ነው፤ ልቡ ግን አንድ ገጽ ነው። እዚያ ገጽ ላይ ሰው ለመኖር ያስፈልገዋል የተባለውን ነገር አንድ በአንድ እጠራለሁ፦ ዝናብ የማያስገባ ሁለት ጥንድ ጫማ፣ በየሁለት ቀኑ ሥጋ ወይም ዓሣ፣ በብርድ ጊዜ የሚሞቅ ቤት፣ ያረጀ የቤት ዕቃ መቀየር፣ በወር አንዴ ወዳጅ ዘመድ ጠርቶ ማብላት፣ በዓመት አንድ ሳምንት ወጣ ብሎ ማረፍ፣ ሩቅ ያለ ዘመድን ሄዶ መጠየቅ። ለእያንዳንዱ ሦስት ሳጥን አለው። አንደኛው «አለኝ» ይላል። ሁለተኛው «የለኝም፤ አልፈልገውም» ይላል። ሦስተኛው «የለኝም፤ እፈልገዋለሁ፣ አቅሜ ግን አይፈቅድም» ይላል። ድህነት የሚቆጠረው በሦስተኛው ሳጥን ብቻ ነው። ሁለተኛው ላይ ምልክት ያስደረገ ሰው እንደ ምርጫው የሚኖር ሰው ተብሎ ይታለፋል። ነገሩ ስህተት አይደለም፤ ሥጋ የማይወድ ሰው ሥጋ አጣ አይባልም። ብልህ ሰዎች ብዙ አስበውበታል። ያላሰቡት የኛን ሰፈር እናቶች ነው።

ሥልጠናውን የሰጠችን የጥናቱ ኃላፊ ሄስተር ትባላለች። ዶክተር ናት፤ በዕድሜ ከታምሲን አትበልጥም። «እናንተ ጆሮ ናችሁ እንጂ ዓይን አይደላችሁም» ትለናለች። «ሰውየው የተቀዳደደ ጫማ አድርጎ “ጫማ አልፈልግም” ካላችሁ፣ “አልፈልግም አለ” ብላችሁ ጻፉ። በሰው ፋንታ አትፍረዱ።» ይህን ሕግ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አክብሬዋለሁ።

በኖቬምበር መጨረሻ ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ስታዘርስ የሚባሉ የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት ዕጣ ወጣባቸው። ቤታቸው የድሮዎቹ አጥማጆች ሰፈር ነው፤ ከእማዬ ቤት ሦስት መንገድ አለፍ ብሎ። ቀጠሮ ስለነበረን በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። የደጃፋቸው ድንጋይ ከመፈግፈግ ብዛት መሐሉ ጎድጉዷል። ገና ስገባ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ማሞቂያው ቀልቶ ይነድዳል፤ ጠረጴዛው ላይ ጠርዛቸው ወርቅ የተቀባ ሲኒዎች ወጥተዋል፤ ሳህን ላይ አራት ብስኩት ተደርድሯል። ኮቴን አወለቅኩ፣ ሹራቤን አወለቅኩ፣ ሌላ ማውለቅ የሚያስችል ዕድሜ ቢኖረኝ እሱንም አወልቅ ነበር።

ሁለት ጥንድ ጫማ አለዎት ወይ ብዬ ጀመርኩ። «ሁለት? እግሬ ስንት ሆኖ ነው ልጄ? አልፈልግም» አሉኝ። ሥጋ ወይም ዓሣ አልኳቸው። «ሠላሳ ዓመት ዓሣ ስዘነጥል ኖሬ አሁን ደግሞ ልብላው? አልፈልግም፤ ከፈለግሽ ለዓሣው ሰላምታ አቅርቢልኝ!» ያረጀ የቤት ዕቃስ መቀየር አልኳቸው። «ፍራሼ አርጅቷል፤ እኔም አርጅቻለሁ። ተላምደናል። ባሌ እንኳ የሱን ያህል ጎኔን አያውቀውም ነበር፤ ነፍሱን ይማረው፣ ዓመቱን ሙሉ ባሕር ላይ ነበራ!» የሚሞቅ ቤትስ ስላቸው፣ «ላብሽን እየጠረግሽ ትጠይቂኛለሽ እንዴ? “አለኝ” ብለሽ ጻፊ እንጂ» አሉ። እየሳቅን እዚህ ደረስን። ሩቅ ያለ ዘመድን ሄዶ መጠየቅ ስል ግን ሳቁ ቆመ። «ልጄ ያለው አበርዲን ከተማ ነው» አሉ፤ ሲኒያቸውን ትንሽ አሽከረከሩና «መንገዱ አያስደስተኝም። አልፈልግም» አሉ። እኔም ጻፍኩ። ገጹ ከሙቀቱ በቀር ከላይ እስከ ታች «አልፈልገውም» ሆነ።

አውቶቡስ ማቆሚያው ደርሼ መነጽሬን መርሳቴ ትዝ አለኝ። ከወጣሁ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ተመልሼ ሳንኳኳ በሩን የከፈቱልኝ ሴት ካፖርት ለብሰዋል፤ የሱፍ ቆብ እስከ ቅንድባቸው አጥልቀዋል፤ የሟች ባላቸውን ወፍራም ካልሲ እጃቸው ላይ አድርገውታል። ማሞቂያው ጠፍቷል። ሲኒዎቹ ቁም ሳጥን ገብተዋል። እኔ ያልበላኋቸው ሦስት ብስኩቶች ወደ ቆርቆሯቸው ተመልሰዋል። ኮሪደሩ ላይ የካርድ ቆጣሪው ሂሳቡ ሊያልቅ ነው መሰለኝ ጢጥ ጢጥ ይላል። እንግዳ መጣ ብለው የሳምንቱን ሙቀት በአንድ ሰዓት አንድደውታል፤ እንግዳዋ ደግሞ ብርድ አለብዎት ወይ ብላ ልትጠይቅ የመጣች እኔ ነኝ።

«ሰው እንዲህ ሳይጠራ ይመለሳል?» ብለው ተቆጡኝ። ወዲያው ደግሞ «ግቢ፣ ግቢ፣ አሁን እለኩሰዋለሁ» ብለው ወደ ማሞቂያው ሲሄዱ ክንዳቸውን ያዝኩ። መልስዎን እንቀይረው፣ ይህ ነገር እኮ ለእርስዎ ነው የሚጠቅመው እያልኩ ለመንኳቸው። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «አንቺ የኤልሲ ልጅ አይደለሽም እንዴ? ከእናትሽ ጋር አንድ የዓሣ ማጨሻ ቤት ነው የሠራነው። ኤልሲ ብትሆን “አቅም የለኝም” አስጽፋ ስሟን ለንደን ድረስ ትልክ ነበር?» አሉኝ። አትልክም ነበር። መነጽሬን ተቀብዬ ወጣሁ፤ ቅጹም እንደተጻፈ ሄደ።

አንቺ ዐሥር ዓመትሽ ሆኖ ኩፍኝ የያዘሽን ጊዜ ታስታውሺዋለሽ? ሐኪሙ ይመጣል ተብሎ እማዬ የሳሎኑን ምድጃ አነደደችው፤ ከገና እስከ ገና እሳት የማያይ ክፍል። ሐኪሙ ባርኔጣውን አንስቶ ገና ከበር ፈቀቅ ሳይል ፍሙን በአካፋ ዝቃ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያለች ወደ ማድ ቤት ትሮጣለች። እኔ ጨዋታ መስሎኝ እየጮህኩ ተከተልኳት። ሐኪሙ «ቤታችሁ ደስ ይላል፣ ይሞቃል» ብሎ ነበር የሄደው። በአውቶቡሱ መስኮት እያየሁ ያን አካፋ ሳስብ ሁለት ማቆሚያ አለፈኝ።

በጃንዋሪ ሄስተር ደወለች። ቃሏን እየመረጠች፣ «የእርስዎ ሰፈር ውጤት ግራ አጋብቶናል» አለችኝ። «ገቢያቸው በአገሪቱ ከመጨረሻዎቹ ነው፤ “አልፈልገውም” ያሉት ግን ከሌላው ቦታ በሦስት እጥፍ ይበልጣል። ጥያቄውን እንዴት ነው የሚያነቡላቸው?» ነገሩ ገባኝ። ቤቴ ተቀምጬ ቅጹን ራሴ ሞላሁት ማለቷ ነው። በዘጠኝ ዓመት አንዲት በር ዘልዬ አላውቅም። ስልኩን ዘግቼ ማድ ቤት ቆሜ አለቀስኩ፤ ከንዴት ይሁን ከድካም አላውቅም። ቁጥሩ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ካልተስተካከለ ሪፖርቱ እንዳለ ይወጣል። ለማሞቂያ እርዳታ የሚሰጥ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ደግሞ የሚረዳቸውን ሰፈሮች የሚመርጠው ይህንኑ ሪፖርት ገልጦ ነው። የኛ ሰፈር ሰዎች እንደ ምርጫቸው ነው የሚኖሩት ተብሎ ሊታለፉ ነው ማለት ነው።

ሄስተር ራሷ በባቡር መጣች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ጃንጥላዋን ነፋስ ገለበጠባትና ተዋችው። ሁለት ቤት አብረን ገባን፤ ሁለቱም እንደ ዳቦ ቤት ግለው ጠበቁን። የመጀመሪያው ቤት ሹራቧን አወለቀች፤ ሁለተኛው ቤት እጅጌዋን ሰበሰበች። መንገድ ላይ ስንወጣ «የዚህ ሰፈር ሰው ቤቱን እንዴት ያሞቃል!» አለችኝ። ሳቄ መጣ፤ እስኪያመኝ ሳቅኩ። ከዚያ ስለ ወይዘሮ ስታዘርስ ነገርኳት፤ ስለ ካፖርቱ፣ ስለ ካልሲው፣ ስለ ቆጣሪው። ዝናቡ ላይ ቆመች። «ስለዚህ የሚሞቃቸው እኛ ስንመጣ ነው?» አለችኝ። «እኛ ስንመጣ ነው። ስንሄድ ሳምንቱን ሙሉ ይንቀጠቀጣሉ» አልኳት። ጆሮ ብቻ ሁኑ ያለችን ልጅ ያን ቀን ዓይኗ ቀላ።

ጥብስ ቤት ይዣት ገባሁና ፓቲና ድንች አዘዝኩላት። ፓቲ ማለት ድንች በቅጠል ተለውሶ የተጠበሰ ነው ብዬ ባስረዳት ከድንች ጋር ድንች መብላት አስገረማት፤ ግን በላችው። ስትጨርስ ቅጹን አወጣችና «እስቲ አንድ ነገር እንሞክር፤ እኔ ጠያቂ፣ እርስዎ ተጠያቂ ይሁኑ። ጥያቄያችን የቱ ጋ እንደሚያመልጠው ልየው» አለችኝ። ጨዋታ መስሎኝ እሺ አልኩ። ሁለት ጥንድ ጫማ፦ አለኝ፤ ያለ እሱ ሥራ የለም። ያረጀ የቤት ዕቃ፦ ሶፋው ባሌ ሌን የሞተበት ነው፣ ሌላ አልፈልግም። ወዳጅ ጠርቶ ማብላት፦ ቀኑን ሙሉ ሰው ሳይ ውዬ ማታም ሰው? አልፈልግም። የአንድ ሳምንት ዕረፍት፦ አልፈልግም። «ሩቅ ያለ ዘመድን ሄዶ መጠየቅ?» አለችኝ። «እህቴ አውስትራሊያ ናት» አልኩ። «አልፈልግም፤ ሙቀት አልወድም።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ድምፁ የኔ አልመሰለኝም። «መንገዱ አያስደስተኝም» ያሉት የወይዘሮ ስታዘርስ ድምፅ ነበር። ሄስተር ብዕሯን ይዛ ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። «ምን ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ ቀስ ብላ። ይህን ያህል ዘመን ስንቱን ቤት ስጠይቅ ኖሬ፣ የተጠያቂው ወንበር እንዲህ እንደሚቆረቁር አላውቅም ነበር። «የተባለውን ጻፊ፤ ያስተማርሽን እንደዚያ ነው» አልኳት። እሷም ጻፈች፤ አልፈልገውም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሐሙስ ወደ ወይዘሮ ስታዘርስ ተመለስኩ። ሪፖርቱ ሊዘጋ መሆኑን፣ የማሞቂያው እርዳታ ሊያልፋቸው መሆኑን ሁሉ ነገርኳቸው። ሄስተር መልሱን የሚቀይረው ባለቤቱ ራሱ ከሆነ እቀበላለሁ ብላለች፤ ጎረቤቶቹ ግን የሚያዩት የወይዘሮ ስታዘርስን ፊት ነው፤ እሳቸው ካልቀየሩ የሚቀይር የለም። «አንቺንስ ማን ይጠይቅሻል?» አሉኝ ድንገት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነብኝና የጥብስ ቤቱን ነገር ዘረገፍኩላቸው፤ ስለ አንቺም፣ ስለ አራቱ ጥሪዎችሽም። እስኪያስላቸው ሳቁ። «ሙቀት አልወድም አልሽ? በዚህ አገር? በዚህ ጉልበትሽ? እህትሽ ሞኝ ናት ወይስ አንቺን ሞኝ ናት ብላ ታዝንልሻለች?» ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። «ለንደን ላሉ፣ ለማላውቃቸው ሰዎች ገመናዬን ንገሪ ትይኛለሽ፤ አንቺ ግን ለገዛ እህትሽ መንገር አቅቶሻል። ሂጂ መጀመሪያ ጻፊላት። ስትጨርሺ አምጪና አንብቢልኝ፤ ዓይኔ ደክሟል። ያኔ እኔም ሳጥኔን እቀይራለሁ» አሉኝ።

እንግዲህ ይኸው አቭሪል። ሌን ከሞተ ወዲህ ሦስት ክረምት የምኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሌላውን ዘግቼዋለሁ። ስትደውዪ ሞቆኛል የምልሽ ካፖርት ለብሼ ነው። ትኬቱን እንቆርጣለን ስትይኝ ደስታዬ እግሬ ድረስ ተሰማኝ፤ ወዲያው ደግሞ ባዶ እጄን ስመጣ ታየኝ። ለታምሲን ልጆች አንዲት ነገር ሳልገዛ፣ አንድ ቀን እንኳ እኔ ልጋብዛችሁ ሳልል፣ አንድ ወር ሙሉ ጠረጴዛሽ ላይ ስቀመጥ፤ አንቺም እያየሽ እንዳላየ ስትሆኚልኝ። ከዚያ ይልቅ የማልፈልግ መምሰል ቀለለኝ። አንቺ እንዳልወደድኩሽ ቆጥረሽ ሲከፋሽ ግን እኔ በኩራቴ ሞቄ የተኛሁ አይምሰልሽ። ኩራት አያሞቅም፤ ሞክሬዋለሁ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ነግሬሽ አላውቅም። ከአርባ ስድስት ዓመት በፊት ስትሄጂ እማዬ በር ላይ ቆማ እጇን እንኳ አላነሳችልሽም ብለሽ ስንት ዓመት አዘንሽ። ባሕር ለሚወጣ ሰው ማዕበል ይወስደዋል ተብሎ እጅ እንደማይውለበለብ ታውቂያለሽ፤ ባቡር ላይ ብትወጪም ለሷ ባሕር ነበር። ያላወቅሽው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሰው በሄደ ቀን ልብስ ያጠበ ሰውየውን ለማዕበል አሳልፎ ሰጠው ይባል የለ? እማዬ በዚያ ቀን ልብስ አላጠበችም፤ በማግሥቱም አላጠበችም። የትራስሽን ልብስ እስክትሞት ድረስ ሳታጥብ አጣጥፋ መሳቢያዋ ውስጥ አኑራው አገኘሁት። አሁን እኔ ጋ ነው። እኛ ቤት ሲወድዱ እንዲህ ነው፤ ከልባችን የምንፈልገውን ነገር ስንጠየቅ «አልፈልግም» ማለት ከጡት ጋር የጠባነው ነው። እኔ ግን ስድሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ደክሞኛል፤ ከዚህ በላይ ልሸከመው አልችልም።

ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሴ ሁለተኛው ሳጥን አይደለም፤ ሦስተኛው ነው። እፈልጋለሁ። ከመጀመሪያው ጥሪሽ ጀምሮ እፈልጋለሁ። አቅሜ ነው ያልፈቀደው፤ ልቤ አይደለም።

ከላይ ያለውን ትናንት ጽፌ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለወይዘሮ ስታዘርስ አነበብኩላቸው። በሩን ሲከፍቱልኝ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ቆባቸውን አጥልቀው ነበር። ማሞቂያውን አልለኮሱትም። ወርቅ የተቀባውም ሲኒ አልወጣም፤ ጆሮው በተሰበረ ኩባያ ሻይ ሰጡኝና ጎን ለጎን በካፖርታችን ተቀመጥን። እንዲህ ያለ አክብሮት አግኝቼ የማውቅ አይመስለኝም። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «የፍራሼን ነገር አውስትራሊያ ድረስ መላክሽ ምን ይሉታል?» አሉኝ ስጨርስ። ቆባቸውን ከቅንድባቸው ገፋ አደረጉና «በይ ያን ወረቀትሽን አምጪው» አሉኝ። ከጫማው እንጀምር ብዬ ነበር፤ «የለም፣ ከአበርዲን ጀምሪ» አሉኝ።

እንግዲህ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ክላይቭን ኪኒኑን ዋጠው በይልኝ፤ አበባው የደም ግፊት የለበትም። ታምሲንን በሁለቱም ጉንጯ ሳሚልኝ። ልጇ ጁኖ የላከችልኝ የዓሣ ነባሪ ሥዕል ማድ ቤቴ ግድግዳ ላይ ነው፤ ታናሿ ኮልቢ ደግሞ ጥርሱ ስንት እንደደረሰ ይጻፍልኝ። ውሻውንም እሺ፣ ሰላም በይልኝ፤ ፖስተኛው ይህን ደብዳቤ እስኪሰጥሽ ድረስ ብቻ ያዥልኝ። ወይዘሮ ስታዘርስ «ሞኟ እህትሽ ታድላለች» ብለውሻል፤ ሞኟ ማን እንደሆነች አልነገሩኝም።

ሁለተኛ አልጠይቅሽም ብለሽ ነበር። እህቴ፣ አንድ ጊዜ ጨምሪና ጠይቂኝ።

የምትፈልግሽ እህትሽ፣
ኖሪን

ሃል፣ እሑድ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2024